ከእሳት በሩ ወዲህ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ስለ ትልልቅ ነገር ይጽፋል፤ ስለ ስደት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ሞት። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ የብረት በር ነው። በሩ አልተሰበረም፣ በማንም ላይ አልወደቀም፣ የተሠራበትንም ሥራ በትክክል ሠርቷል። አንድ ጊዜ ጀምሬ ማን ያነበዋል ብዬ ትቼዋለሁ። እንደገና የጀመርኩት በዚያ በር ምክንያት የቀረብኝ ነገር ለሌላ ሰው ሲነገር ትንሽ ቢመስልም ለእኔ ትንሽ ስላልነበረ ነው።

የመጣሁት ከዳንግላ ወጣ ካለ ቀበሌ ነው። ኮሌጅ ለመማር እንጅባራ ስገባ በከተማው የማውቀው አንድም ሰው አልነበረኝም። ትልልቅ ሰዎች ከተማውን አሁንም ቆሰበር ይሉታል፤ እናቴም ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ቆሰበር ገባች» ነው የምትለው። ኮሌጁ ማደሪያ ስለሌለው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ፎቅ ቤት ላይ ክፍል ተከራየሁ። ምድር ላይ ሱቆችና ለሠርግና ለስብሰባ የሚሆን አዳራሽ አሉ፤ ከላይ ተከራዮች እንኖራለን። ባለቤቱ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን።

የእኔ ክፍል በሁለተኛው ፎቅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ኮሪደሩ ረጅም ነው። በአንደኛው ጫፍ ወደ መንገድ የሚወርድ ደረጃ አለ። በእኔ በኩል ደግሞ ወደ ጓሮ፣ ወደ ውኃ ታንከሩና ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚያወርድ የብረት ደረጃ አለ። ከክፍሌ አጠገብ ያለው የሐጂ መጋዘን ነው፤ ጣቃ ጨርቅ እንጂ ሰው የለበትም። ሰው የሚኖረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ከዚያ ወዲያ የምትኖረው የሾፌር ሚስት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ከእኔ ጥቂት ዓመት ስለምትበልጥ እትዬ እላታለሁ። የአዲስ ቅዳም አካባቢ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ በአዊኛ ነው፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ። ሲያስቃት ግን ሁለቱን ትደባልቃለች። እኔ አዊኛ ብሰማም መናገር ስለማልችል እሷ በአዊኛ ጀምራ እኔ በአማርኛ እጨርስላታለሁ።

በዚያን ጊዜ በፎቁ ላይ ቀን በር የሚዘጋ ሰው አልነበረም። በሩ ይከፈትና መጋረጃ ይጋረዳል። መጋረጃ ካለ ሰው አለ ማለት ነው። በሩ ከተዘጋ ግን ሰው የለም፣ ወይም ሰው አይፈለግም። ከትምህርት ስመለስ ገና የእግሬን ኮቴ እንደሰማች ከመጋረጃው ውስጥ ትጣራለች።

«አንች ተማሪ! መጽሐፉ አይሸሽም፤ ነይ ሽንኩርት ላጭልኝ!»

እሄዳለሁ። ሽንኩርቱን እልጣለሁ፣ እሷ ታወራለች፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን፣ በለቅሷችን እንስቃለን። እራቴንም ብዙ ጊዜ እዚያው ነበር የምበላው። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። አንድ ቀን እግሯን ዘርግታ እንደተቀመጠች ድንገት እንዲህ አለችኝ።

«ሴት ከሆነች ክርስትና የምታነሻት አንች ነሽ።»

«እኔ? እኔ እኮ ገና ተማሪ ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ያልተማረች ፈልጌ ላምጣ?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሌላ ቀን ባሏ ከመንገድ ሲገባ በፊቴ ደግማ ነገረችው፤ እሱም «ይሁን፣ ደስ ይለኛል» አለ። ክርስትና ማንሳት ለእኛ አገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅቷ ልጅሽ ትሆናለች፣ ቤቱ ቤትሽ ይሆናል፣ በዓል ሲመጣ የምትቀሪበት አይደለም። እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ፤ ወንድምም እህትም የለኝም። በስልክ ስነግራት እናቴ «እንግዲያማ ዘመድ አገኘሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ ትምህርቴ ሳይሆን ስለ ጎረቤቴ ሆድ ሆነ።

በሩ የመጣው በጥር ነው። ሐጂ አዳራሹን ለሕዝብ ከመክፈታቸው በፊት በየፎቁ እሳት የሚከላከል በር እንዲያስገቡ ታዘዙ። አራት ሰዎች ተሸክመው በደረጃው ሲያወጡት ላብ ያጠምቃቸው ነበር። ሁለት የብረት ገጽ ያለው፣ በመሃሉ ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ የሚመስል ነገር የታጨቀበት ወፍራም በር ነው። ዙሪያውን ሙቀት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን የሚደፍን ላስቲክ አለው። ከላይ ደግሞ ክንድ የመሰለ ብረት ተገጥሞለታል፤ የከፈተው ሰው ሲለቀው በሩ ራሱ ተመልሶ ይዘጋል። ቁልፍ የለውም፤ ከእኔ በኩል ሲገፉት፣ ከወዲያ በኩል ሲስቡት ይከፈታል። የተተከለው በኮሪደሩ መሃል ነው። እኔና መጋዘኑ ከበሩ ወዲህ ቀረን፤ ጎረቤቴና ሌላው ሰው ሁሉ ከበሩ ወዲያ ሆኑ።

«ሐጂ፣ ምን አጠፋን? በረት ሠሩልን እኮ!» አለች ጎረቤቴ ሆዷን ይዛ።

«በረት አይደለም ልጄ። ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው፤ እሳቱ ኋላ ነው የሚመጣው። ይህ በር ጭሱን ይዞ ያቆይልሻል፣ አንቺ በሌላው ደረጃ ትወርጃለሽ።»

«እሳት ከመጣማ በሩ ሳይዘጋ እኔ መንገድ ላይ ነኝ!»

«በዚህ ሆድሽ?» አሉ ሐጂ፤ ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ቶሎ ሳቃቸውን አቆሙ። ገበያ ውስጥ የነበረው የድሮ ሱቃቸው ሲቃጠል ከላይ የሚኖሩት ሰዎች በመስኮት እንደወረዱ ነገሩን። «ዓይኔ እያየ ነው፤ ሕፃን በአንሶላ ሲያወርዱ። በዚህ በር አትቀልዱብኝ።»

ጎረቤቴ መጀመሪያ ላይ በሩን በውኃ ጀሪካን ደግፋ ክፍት ታደርገው ነበር። ሐጂ በየጠዋቱ እየወጡ ያነሱታል። አንድ ቀን እኔን ጠርተው «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ማንም ድንጋይ እንዳያደርግበት አደራ» አሉኝ። አደራ ሲሰጠኝ ደስ ይለኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ደግሞም ትክክል ነበሩ። ድንጋይ የተደገፈበት የእሳት በር ለምንም አይሆንም። ስለዚህ ጀሪካኑ ተነሳ፣ በሩም ተዘጋ። ከወዲያ ያሉትም ከባዱን በር ከመጎተት ብለው ወደ ጓሮ በመንገዱ ደረጃ ዞረው መውረድ ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያን ያህል ለውጥ አልነበረውም፤ ገፋ አድርጌ እገባ ነበር።

ከዚያ የጎረቤቴ እናት መጡ። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት ቅቤና የገብስ ዱቄት ይዘው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። እኔ መምጣታቸውን አላወቅሁም። እንደ ልማዴ በሩን ገፍቼ ስገባ ክንዱ ከእጄ ነጥቆኝ ብረቱ ከኋላዬ ጓ ብሎ ተዘጋ። እሳቸው ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ይዘው ፀሐይ እየሞቁ ኖሮ ብድግ አሉ።

«አንች! ቤቶች አይባልም? እናንተ አገር ሰው ቤት እንዲህ ነው የሚገባ?»

«ይቅርታ እማማ፣ በሩ እኮ ከእጄ...»

«በሩ ምን ያድርግ! አንች አፍ አለሽ አይደል?»

«እማ፣ ተያት። ልጅ ናት» አለች ጎረቤቴ ከውስጥ እየሳቀች።

«ልጅ ስለሆነች ነው የምነግራት» አሉ እናቷ። ግን ወዲያው ትኩስ ቂጣ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ቁጣቸው የክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም አፍሬያለሁ። እናቴም ብትሆን እንደዚያው ነበር የምትቆጣኝ። በእኛ አገር ሰው ቤት የሚሄድ ከውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ደጆች!» ይባልለታል፤ ያኔ ይገባል። መልስ ካጣ ወይ ሰው የለም፣ ወይ ሰው እንዲገባ አልተፈለገም። በሁለቱም ቢሆን ይመለሳል እንጂ አይገፋም። ማንኳኳትማ የፖሊስ ነው።

በማግስቱ ከበሩ ፊት ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ። መልስ የለም። ጥቂት ጠብቄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። ተኝተው ይሆናል፣ ሐኪም ቤት ሄደው ይሆናል አልኩ። ሳምንት ሲያልፍ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ፤ ሰው ቤት ዘው የምትል ሥርዓት የሌላት ልጅ ስለሆንኩ እናትየው እንዳልመጣ ፈልገዋል ብዬ። አንድ ቅዳሜ ሙዝ ገዝቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ። ቆምኩ። የኮሪደሩ መስኮት መስታወት ስላልገባለት ነፋሱ ከጓሮ በኩል ይመጣል፤ የቆሰበር ብርድ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። ማንም አልመለሰልኝም። ሙዙን ለብቻዬ በላሁት፤ የመጨረሻዎቹ ጠቁረው ነበር።

ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ አላውቅም። በጥሪ ርቀት ላለ ሰው ስልክ ምን ያደርጋል ብለን ነው መሰለኝ፣ ሁለታችንም አስበነው አናውቅም።

የዐቢይ ጾም በዚህ መሃል ገባ። ኮሌጁ ውስጥ ልጆቹ ከየወረዳቸው ተጠራርተው በቡድን ነው የሚኖሩት፤ እኔም ሰላምታ አላጣሁም፣ ግን ከሰላምታ አያልፍም። በጓሮው ደረጃ እወጣለሁ፣ ሽሮዬን አሞቃለሁ፣ መብራት ካለ አነባለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ጸጥታው ነው። ድሮ የሰው ሬዲዮ፣ የሰው ሙቀጫ፣ የሰው ጭቅጭቅ ሲረብሸኝ አማርር ነበር። አሁን የምሰማው የራሴን ማንኪያ ብቻ ሆነ። አንዳንዴ ዝም ላለማለት ብዬ ትምህርቴን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ከጥቂት ገጽ በኋላ ግን ድምፄ ራሱ ያሳፍረኛል።

እናቴ ትደውላለች።

«ወለደች?»

«ገና ነው፣ እማ።»

«ምነው ቆየባት! ገንፎውን አንች አገንፊላት፣ እሺ? እናቷን አታድክሚ።»

«እሺ።»

አንድ ማለዳ የጎረቤቴን እናት ጓሮ ታንከሩ ጋ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ «እንደምን አደሩ፣ እማማ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ባልዲያቸውን አነሱና ፊታቸውን አዞሩ። ልጃቸው ደህና መሆኗን ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጀርባቸውን ሳይ ግን ወደ ደረጃዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ መጣራቴን ተውኩ። እናትየውንም ጓሮ ደግሜ ስላላየኋቸው፣ ጎረቤቴ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ከእናቷ ጋር አገር ቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ብዙ ሴቶች እንዲያ ያደርጋሉ። ለእናቴም እንደዚያው ነገርኳት።

«ታዲያ እዚያ ማን አለሽ?» አለችኝ።

«ተማሪዎች አሉ» አልኳት። ብዙ ሳትጠይቀኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ መልሼ አልደወልኩም።

ፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ግንቦት ገብቶ ዝናቡ አልፎ አልፎ መምጣት ጀምሮ ነበር። በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ለማስጣት ከክፍሌ ስወጣ የእሳት በሩ ተከፈተ። ከወዲያ በኩል ሰው ሲከፍተው ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ጎረቤቴ ነበረች። በአንድ እጇ አፍንጫዋን በነጠላ ይዛለች፣ ዓይኗ እንባ አዝሏል፣ በሌላው ክንዷ የተጠቀለለ ሕፃን አቅፋለች። በሩ ከኋላዋ ራሱ ተዘጋ።

እኔን ስታይ እንባዋን ጠርጋ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

«እትዬ... ወለድሽ?»

«አላወቅሽም?» አለች። ሳል ያዛት። «ከዚህ እስከዚያ ነው መንገዱ፣ አላወቅሽም?»

«ማርያምን አላወቅሁም። አገር ቤት የሄድሽ መስሎኝ ነው።»

«እኔ የትም አልሄድኩም። አራስ የት ትሄዳለች? የመንገዱ ሰው ሁሉ እልልታውን ሰምቶ መጥቶ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎኛል። ሱቅ ያሉት ልጆች እንኳን መጥተዋል። አንች...»

አልጨረሰችውም። ሕፃኗ አቃሰተች። ምን እንዳስለቀሳት ስጠይቃት እናቷ ለክርስትናው ድግስ በርበሬ እያመሱ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ኮሪደሩ በጭስ ታፍኖ ሰው ሁሉ እያነጠሰ ነው፣ ለልጅቷ ፈርታ ነው ወደዚህ የሸሸችው። ያኔ ነው አንድ ነገር የገረመኝ። አፍንጫዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። የበርበሬ ሽታ ጨርሶ የለም። ከበሩ ወዲህ የነበረው የእርጥብ ልብስና የሳሙና ሽታ ብቻ ነው።

«እኔ እኮ ስጠራሽ ነበር» አልኳት። «ቤቶች እያልኩ። ሙዝ ይዤ መጥቼ ሁሉ ነበር። ማንም ደጆች አላለኝም።»

«አንች ነሽ የጠራሽው? እናቴ ናት እንጂ! በወለድኩ በማግስቱ ገንፎ ይዛልሽ መጥታ፣ እዚች በር ላይ ቆማ ጠርታ ጠርታ፣ ገንፎው እጇ ላይ ቀዝቅዞ ነው የተመለሰች። የተማረ ሰው ንቆን ነው አለች። እኔ እንኳ አይደለም ብዬ ስከራከርልሽ ነበር፤ በኋላ ግን ዝም አልኩ።»

በዚህ መሃል ከበሩ ወዲያ ምንም አይሰማም ነበር። ጎረቤቴ አንድ ነገር የጠረጠረች መሰለኝ፤ ሕፃኗን ሰጠችኝና በሩን በትከሻዋ ገፋችው። በሩ ገና ፈቀቅ ሲል ጭሱና የእናቷ ጩኸት አብረው ወጡ። እናትየው ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ ማማሰያ በእጃቸው ይዘው፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ እየጮሁ ነበር።

«...አትሰሚም? ጉሮሮዬ እስኪነቃ እኮ ነው የጠራሁሽ! ልጅቷን የት አደረስሻት?»

«ስትጠሪኝ ነበር፣ እማ?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሳደርግ ነበር ታዲያ፣ እዘፍናለሁ?»

ጎረቤቴ በሩን ለቀቀችው። ተዘጋ፤ ድምፁም ተቆረጠ። እንደገና ከፈተችው፤ እናትየው አሁንም እየተናገሩ ነው። ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ግን ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ማልቀስ ጀመርኩ፤ በበርበሬው ነው ብዬ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። በሩ ጭስ ብቻ አልነበረም የያዘው።

እናትየው ነገሩ ሲገባቸው መጀመሪያ በሩን በማማሰያው መቱት። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ግንባሬን ሳሙኝ።

«እኔስ ልጅቷን ምን በድያት ነው እያልኩ ስንት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ» አሉ። «ቆይ፣ ድንጋይ ነው የማመጣለት።»

«ሐጂ ያነሱታል፣ እማማ። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ይኸው ጭሱን ያዘው» አልኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ግፊና ግቢ። ቤቶች የምትይው ከገባሽ በኋላ ነው። እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅ ፈልጌ ነበር። ልጅቷ ሴት ናት። ዓይኗን ከፍታ የነጠላዬን ጥለት ታያለች። ድግሱ እየተዘጋጀ ነው። ጎረቤቴ የማስበውን አውቃለች መሰለኝ ቀድማ ተናገረች።

«ለአጎቴ ልጅ ነገርናት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንች የለሽም ብለን ነው። ልብስም ገዝታላታለች፤ ለንስሐ አባታችንም ተነግሯል።»

«ምንም አይደለም» አልኩ።

«ቃል ከወጣ በኋላ ለሌላ ሰው ብንሰጥ ጠብ ነው የሚሆን» አሉ እናትየው፤ እሳቸውም ከልባቸው አዝነው።

«የሚቀጥለውን የምታነሽው አንች ነሽ» አለችኝ ጎረቤቴ።

«የሚቀጥለው ወንድ ቢሆንስ? ዝም ብለሽ ቃል አትስጪ» አሏት እናቷ።

ከዚያ እስከ ክርስትናው ባሉት ቀናት በየቀኑ ሄድኩ። ገፍቼ እገባለሁ፣ ከገባሁ በኋላ «ቤቶች» እላለሁ፣ እነሱም እየሳቁ «ደጆች» ይላሉ። ሽንኩርት ላጥሁ፣ በርበሬ ቀነጠስኩ፣ ልጅቷን አስተኛሁ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቢሆንም ልጅቷን ባቀፍኳት ቁጥር የጎረቤት ልጅ እንዳቀፍኩ ይሰማኝ ነበር፤ እሷም የጎረቤት ልጅ ነበረች። ለእናቴ ስደውልላት ልጅቷ ቆንጆ መሆኗን ነገርኳት። ክርስትና ማን እንደሚያነሳ እሷ አልጠየቀችኝም፤ ከድምፄ ያወቀች ይመስለኛል።

ሰማንያ ቀን ሲሞላ ጠዋት በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጭጋጉ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሸፍኖት ነበር። የጎረቤቴ የአጎት ልጅ ረጅም፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ክፉ ሰው ብትሆንልኝ ይቀለኝ ነበር፣ ግን ጥሩ ሰው ናት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ጃንጥላና የልጅቷን መቀየሪያ ልብስ ያዝኩ። ውኃው ሲነካት ልጅቷ ጮኸች። ካጠመቋት በኋላ ካህኑ እጃቸውን ዘርግተው ሲሰጡ የአጎቷ ልጅ ተቀበለቻት። ማየት አልፈለግሁም፤ ግን አየሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ድግሱ በእናትየው ቤት፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ ስለነበር ሚኒባስ ተዘጋጅቷል። ጎረቤቴም ከዚያው ክረምቱን ከእናቷ ጋር ልታሳልፍ ዕቃዋን ጠቅልላለች፤ ባሏ ወደ ሌላ መስመር ስለተዛወረ ክፍሉን ለሐጂ አስረክበዋል። መኪናው በዘመድ ሞልቶ ነበር።

«ነይ ግቢ፣ ጭኔ ላይ ትቀመጫለሽ!» አሉኝ እናትየው በመስኮት።

«ነገ ፈተና አለብኝ፣ እማማ። ደግሞ ቦታ የለም።»

«ለቀጭን ሰው ቦታ ይጠፋል?»

ጎረቤቴ በመስኮቱ እጄን ያዘችኝ። ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ፤ እኔም የእኔን ሰጠኋት። «እህቴ፣ ነይ እሺ? በእረፍት ነይ» አለችኝ። ልጅቷ በክርስትና እናቷ እቅፍ ተኝታለች፤ ከመጠቅለያዋ በቀር ምንም አይታይም። ሚኒባሱ ጭቃውን እየረጨ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፤ እኔም ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ተመለስኩ። ቀኑ ግንቦት ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነበር።